የሳምንቱ ጥገና፦ ባልና ሚስት ቤታቸውን በጥቂት በጥቂቱ የሚያድሱበት መንገድ

በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ባልና ሚስት ስለ ቤታቸው ጉድለት የማያውቁት ነገር የለም። የኩሽናው ቧንቧ ሌሊት ሌሊት እንደሚንጠባጠብ፣ የልጆቹ መኝታ በር ካልተገፋ እንደማይዘጋ፣ በመታጠቢያ ቤቱ ጥግ ያለው ሲልኮን እንደጠቆረ ሁለቱም ያውቃሉ፤ የሚቸግራቸው መጀመሩ፣ ከተጀመረም በኋላ መጨረሱ ነው። እኔና ባለቤቴ ለዓመታት ጥገና የምንጀምረው አንድ ነገር ሲያናድደን ብቻ ነበር፤ በንዴት የተጀመረ ሥራ ደግሞ እየሰፋ ሄዶ ሳሎኑን ይይዝና የሁለት ሰዓት ጥገና የሁለት ሳምንት ኩርፊያ ሆኖ ያርፋል። ከዚህ ያወጣን አንድ ልማድ ነው፦ በሳምንት አንድ ሥራ ብቻ፣ ያም ሥራ በግማሽ ቀን ተጀምሮ የሚያልቅ።

ልማዱ የሚቆመው የሥራውን መጠን በቤተሰቡ ጊዜ በመስፈር ነው። በቤቱ ጉድለት ከተሰፈረ ማለቂያ የለውም፤ ቤት ሁልጊዜም ከሚቻለው በላይ ይጠይቃልና። ትንሽ ልጅ ያለበት፣ ሁለቱም ወላጆች ውጭ የሚሠሩበት ቤተሰብ በሳምንት ሊሰጥ የሚችለው አራት ሰዓት ከሆነ ሥራው ለአራት ሰዓት ተቆርጦ መዘጋጀት አለበት፤ ሁለት ሰዓት ከሆነም ለሁለት።

ደብተሩ

በመጀመሪያ አንድ ተራ ደብተር ያዘጋጁና ሁሉም የቤቱ ሰው በሚደርስበት ቦታ ያኑሩት። የተሰበረ፣ የላላ፣ የሚያፈስ ወይም የማያምር ነገር ያየ ሰው፣ ልጅም ቢሆን፣ እዚያ ይጻፈው። ጥቅሙ ለማስታወስ ብቻ አይደለም፤ ደብተሩ ላይ የሰፈረ ጉድለት እራት ላይ እንደ ወቀሳ አይነሳም። «ያንን በር እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንተወው?» የሚለው ጥያቄ ሰው ላይ ያነጣጥራል፤ «የልጆች በር፣ የላይኛው ማጠፊያ ላልቷል» የሚለው መስመር ግን የሚናገረው ስለ በሩ ብቻ ነው።

ከሥራው ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ እኛ ዘንድ ልጆች ከተኙ በኋላ ነው፣ ለሩብ ሰዓት ያህል አብሮ ተቀምጦ ከደብተሩ አንድ መስመር መምረጥ ያስፈልጋል። ሲመረጥ ሰውን ሊጎዳ የሚችለው ይቀድማል፤ ቀጥሎ ቢተው እየባሰ የሚሄደው ይመጣል፤ የማያምረው ነገር መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ከግድግዳ ጋር ያልታሰረ ረጅም የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ልጅ ሲንጠላጠልበት ሊወድቅ ስለሚችል፣ ከሳሎኑ ቀለም ይቀድማል፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧም ከመጋረጃ ዘንግ ይቀድማል። ይህ ቅደም ተከተል እንግዳ ሊመጣ ነው በሚባልበት ሳምንት እንደሚፈተን አልክድም፤ እኛም ተሸንፈን ቀለም የቀባንባቸው ሳምንታት አሉ።

ከመምረጡ ይልቅ የሚከብደው መቁረጡ ነው። «ሳሎኑን መቀባት» የአንድ ሳምንት ሥራ ሳይሆን ቢያንስ የሦስት ሳምንት ሥራ ነው፦ በአንዱ ሳምንት ቀዳዳና ስንጥቁን በስቱኮ መድፈን፣ በሚቀጥለው የደረቀውን ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ጣሪያውን መቀባት፣ በሦስተኛው ግድግዳውን መቀባት። የተቆረጠው ክፍል ትክክለኛ መጠን ያለው መሆኑን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ዛሬ ማታ ክፍሉ እንደ ወትሮው ያገለግላል ወይስ አያገለግልም? ስቱኮ የተለጠፈበት ግድግዳ ባያምርም ሶፋው ወደ ቦታው ተመልሶ ሰው ይቀመጥበታል፤ ግማሹ የተነቀለ ወለል ላይ ግን ቤተሰብ አይኖርም። መልሱ «አያገለግልም» ከሆነ ሥራው ገና አልተቆረጠምና እንደገና ይከፈል። የጊዜ ግምታችሁንም በሁለት አባዙት፤ ለመቀባት ሁለት ሰዓት የገመተ ሰው የረሳው ዕቃ ማንሳቱን፣ ወለል መሸፈኑንና ብሩሽ ማጠቡን ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ደግሞ ከዋዜማው በፊት ተሟልቶ ይደር። ሥራ መሐል ላይ ለአንድ ብሎን ተብሎ ከቤት መውጣት አንድ ሰዓት ይበላል፤ የቀረውም ሰው የተበታተነ ነገር ታቅፎ ይጠብቃል።

ማን ይመራል፣ ማን ያቀብላል

ሁለት ሰው አንድ መሰላል ሥር ቆሞ ሁለቱም ሲያዝዙ ሥራ አይሄድም። ስለዚህ በየሳምንቱ አንዱ መሪ፣ ሌላው ረዳት ይሁን፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ይቀያየሩ። መሪው የሚወስነው የአሠራሩን ቅደም ተከተል፣ መለኪያውንና መቼ እረፍት እንደሚደረግ ነው፤ ረዳቱ ያቀብላል፣ ይይዛል፣ ያበራል፣ ያጸዳል። ረዳት የሆነ ሰው የተሻለ ዘዴ ቢያውቅ እንኳ «ሌላ መንገድ ልንገርህ?» ብሎ አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ መልሱ «አይ» ከሆነ ዝም ይላል። ይህ ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ሕግ ነው። ከዚህ ነጻ የሆነው አደጋ ብቻ ነው፤ «ቁም!» የምትለውን አንድ ቃል አስቀድመን ተስማምተንባታል፣ ቃሏ ከማንም አፍ ብትወጣ፣ ከልጅም ቢሆን፣ እጅ ያለበት ቦታ ይቆማል፤ ማብራሪያው ከዚያ በኋላ ይጠየቃል።

መቀያየሩ የሚጠቅመው ለፍትሐዊነት ብቻ አይደለም። ሁልጊዜ አንዱ ብቻ የሚያውቀው ቤት፣ ያ ሰው በታመመ ወይም በሄደበት ሌሊት ውሃ ሲፈነዳ ሌላው ዋናውን ሳራቺኔስካ (የውሃ መዝጊያ) የት እንዳለ ፈልጎ ያጣል። ዋናው የውሃ መዝጊያና ዋናው የኤሌክትሪክ ብሬከር ያሉበትን ቦታ፣ አዘጋጉንም ጭምር፣ ሁለቱም በተግባር ሞክረው ይወቁት፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራችሁ ይኸው ቢሆን ጥሩ ነው።

ልጆችን በተመለከተ፣ ልጅ የውሸት ሥራ ሲሰጠው ያውቃል። የአራት ዓመት ልጅ ብሎንና ምስማርን በየዓይነቱ መለየት ይችላል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሜትሩን ጫፉን ይዞ ቁጥሩን ያነባል፣ የውሃ ልኩን አረፋ እያየ «ወደ ግራ» «ወደ ቀኝ» ይላል፤ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነው ደግሞ መነጽር አድርጎ፣ ወላጅ አጠገቡ ቆሞ፣ በካቻቢቴ ብሎን ሊያጠብቅ ይችላል። ድሪል የሚሠራበት፣ አሮጌ ቀለም የሚፋቅበትና መሰላል የቆመበት ሰዓት ግን ከሁለቱ አንዱ ልጆቹን ይዞ ከክፍሉ የሚወጣበት ሰዓት ነው፤ ረዳት የሌለው መሪ ያን ጊዜ ቢዘገይም ይዘግይ።

የሚያንጠባጥበው ቧንቧ

ለመጀመሪያ የጋራ ሥራ የምመክረው ቧንቧ ነው፤ ዕቃው ጥቂት፣ ውጤቱም የሚሰማ ነውና። ከመጀመሩ በፊት ኩባያ ከሥሩ አስቀምጠው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ይለኩና በ24 ያባዙት፤ በቀን የሚባክነውን ታገኛላችሁ፤ ለምን አሁን እንደሚጠገንም ክርክር አይኖርም።

ቀጥሎ የቧንቧውን ዓይነት ይለዩ። እጀታው ለመክፈት ብዙ ዙር የሚዞር ከሆነ ውሃውን የሚያግደው በውስጡ ያለ ትንሽ ክብ ጎሚኒ ነው፤ የሚቀየረውም እሱ ነው። ሩብ ወይም ግማሽ ዙር ብቻ የሚዞር ከሆነ ግን በአብዛኛው የሴራሚክ ካርትሪጅ፣ ማለትም ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ወጥ ክፍል፣ አለው፤ ያ ሲያልፍበት ካርትሪጁ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። የጎሚኒውን አሠራር ብቻ እዚህ እገልጻለሁ፤ ካርትሪጁም ከፍቶ ማውጣቱና መመለሱ ከዚህ ብዙ አይለይም።

ውሃውን ከሥር ባለው መዝጊያ፣ ከሌለም በዋናው፣ ይዝጉ። ከዘጉ በኋላ ቧንቧውን ከፍተው ውሃው እስኪቆም ይጠብቁ፤ ይህች እርምጃ እንደ ትርፍ ትታያለች። እኔ መሪ በነበርኩበት ሳምንት ባለቤቴን «አንተ፣ ውሃውን ዘግተኸዋል?» አልኩት፤ «ዘግቼዋለሁ» አለኝ፤ እውነቱን ነበር፣ የዘጋው ግን የሙቅ ውሃውን ነው። የቀዝቃዛውን ጭንቅላት ስፈታው ውሃው ጣሪያ ነካ፤ ትንሿ ልጃችንም ከሳሎን ጃንጥላ ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ «ዘግቼዋለሁ» የሚል መልስ አንቀበልም፤ ቧንቧው ተከፍቶ ሲደርቅ ሁለታችንም እናየዋለን።

ከዚህ በኋላ የመታጠቢያ ገንዳውን ቀዳዳ በጨርቅ ይድፈኑ፤ የምትወድቀው ትንሿ ብሎን ምንጊዜም የምትሄደው ወደዚያ ነው። የእጀታውን ክዳን በስለት ጫፍ አንስተው ብሎኑን ይፍቱና እጀታውን ያውጡ። ከሥሩ የሚታየውን ባለ ስድስት ጎን ጭንቅላት በእንግሊዝ ቁልፍ ወደ ግራ ሲያዞሩት ይወጣል፤ ኒኬሉ እንዳይጫር በቁልፉና በብረቱ መካከል ጨርቅ ይደረግ፤ ረዳቱም የቧንቧው አካል አብሮ እንዳይዞር በሌላ እጁ አጥብቆ ይያዝ። በወጣው ክፍል ጫፍ ላይ ያለው ጎሚኒ ቀለበት የሚመስል ጠባሳ ይዞ፣ ጠንክሮ ወይም ተሰንጥቆ ይገኛል። ልኩን በዓይን አይገምቱ፤ አሮጌውን ራሱን ይዘው ሄደው አስተያይተው ይግዙ፤ ከቻላችሁም ሥራው ከሚሠራበት ቀን በፊት ከፍታችሁ ልኩን ማወቅ ጊዜ ያተርፋል።

አዲሱን ጎሚኒ ተክተው የወጣው ሁሉ በወጣበት ተራ ወደ ኋላ ይመለስ፤ ረዳቱ ዕቃዎቹን ሲወጡ ከግራ ወደ ቀኝ ጨርቅ ላይ ደርድሯቸው ከሆነ ተራው አይጠፋም፤ አንድ ፎቶግራፍም አይጎዳም። ውሃውን በቀስታ ይክፈቱ። አሁንም የሚያንጠባጥብ ከሆነ እጀታውን በጉልበት ማጥበቅ አዲሱን ጎሚኒ ከመጨፍለቅ ሌላ ፋይዳ የለውም፤ በዚህ ጊዜ በአብዛኛው የተበላው ጎሚኒው የሚያርፍበት የብረት መቀመጫ ነው፤ እሱን መሞረድ ወይም መቀየር ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ከሌላችሁ ለባለሙያ ይተው።

መደርደሪያውን ከግድግዳ ማሰር

ግድግዳ ከመበሳት በፊት ከጀርባው ምን እንዳለ ማሰብ ግዴታ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአብዛኛው ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ተነስቶ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን በቀጥታ መስመር ይሄዳል፤ ስለዚህ በነዚህ መስመሮች ላይ አይበሳም። የውሃ ቧንቧ ባለበት ግድግዳም እንዲሁ ከቧንቧው አቅጣጫ ይራቁ። ጥርጣሬ ካለ ቦታውን መቀየር ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል፤ የክፍሉን ብሬከርም መዝጋትና ድሪሉን ከሌላ ክፍል በሚመጣ ማራዘሚያ ማሠራት ይቻላል።

ምልክቱን በእርሳስ ያድርጉ፣ በውሃ ልክ ያረጋግጡ፣ ከዚያም ከቀዳዳው በታች አንድ የታጠፈ ወረቀት እንደ ኪስ አድርገው ይለጥፉ፤ ብናኙ ሁሉ እዚያ ይገባል። ፊሸሩ (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) 8 ሚሊሜትር ከሆነ ለግንብ የሚሆን 8 ሚሊሜትር ፑንታ (የድሪል መብሻ) ይጠቀሙ፤ በፑንታው ላይም የፊሸሩን ርዝመት ያህል ለክተው ፕላስተር ቢጠቀልሉበት ከሚገባው በላይ አይገባም። ዓይንን መነጽር፣ ጆሮን ማፈኛ ይሸፍነው። ፊሸሩ በመዶሻ ቀላል ምት እስከ ግድግዳው ፊት ይግባ፤ በጣት ተገፍቶ ልቅ ብሎ የሚገባ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ አይሸከምም፤ ብሎኑም አብሮት ይወጣል። መደርደሪያው በማዕዘን ብረት ከላይ በኩል፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ከጠንካራ የእንጨቱ ክፍል ጋር ይታሰር፤ የጀርባው ቀጭን ኮምፖርሳቶ ምንም አይዝም። ከባዱ መጽሐፍ ከታች ይቀመጥ፤ ልጅን የሚያጓጓው አሻንጉሊት ግን ከላይ አይቀመጥ።

ቀለም

የቀለም መጠን በግምት አይገዛም። 4 በ3 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር የሆነ ክፍል የግድግዳው ዙሪያ 14 ሜትር ነው፤ 14 በ2.6 ሲባዛ 36.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለበርና ለመስኮት 4 ካሬ ሜትር ያህል ቢቀነስ ከ32 በላይ ይቀራል። አንድ ሊትር ቀለም ለአንድ ዙር በለስላሳ ግድግዳ ላይ በአብዛኛው ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ለሁለት ዙር እንግዲህ 6.5 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ትክክለኛው የሽፋን መጠን በቆርቆሮው ላይ ስለሚጻፍ ስሌቱን በዚያ ያስተካክሉ።

ለባልና ሚስት ከሁሉም የሚስማማው ሥራ ይኸው ነው፤ አንዱ በብሩሽ ጥጋጥጉን እየቀባ ይቀድማል፣ ሌላው በሮለር ሜዳውን እየሞላ ይከተላል። ሚስጥሩ ርቀታቸው ላይ ነው፤ ብሩሹ የነካው ጠርዝ ሳይደርቅ ሮለሩ ካልደረሰበት ሲደርቅ ድንበሩ ይታያል። በመሆኑም ብሩሽ የያዘው ከአንድ ግድግዳ በላይ አይቅደም። ሮለሩ ላይ ጉልበት አይጨመር፤ ቀለሙ ሲያልቅ መጫን ሳይሆን መንከር ነው። በሁለቱ ዙሮች መካከል በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ሰዓት ይጠበቅ፤ በውሃ የሚቀጥነው ቀለም ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል፣ የዘይት ቀለም ግን አንድ ቀን ያህል ሊፈልግ ስለሚችል ሁለተኛው ዙር ለሚቀጥለው ሳምንት ቢተው ጥሩ ነው።

አሮጌ ቤት ለገዙ ወይም ለተከራዩ ደግሞ አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለ። የቀድሞ ቀለሞች ውስጥ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ይጨመር ነበር፤ ለምሳሌ አሜሪካ በመኖሪያ ቤት ቀለም ውስጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እንዲህ ያለው ቀለም በደረቁ ሲፋቅ ብናኙ ለትንንሽ ልጆች አእምሮና ለነፍሰ ጡር እጅግ አደገኛ ነው። ዕድሜው የማይታወቅ፣ የተነባበረና የሚቀረፍ ቀለም ካለ ሳይመረመር በብርጭቆ ወረቀት አይነካ።

ትንንሾቹ

የማይዘጋ በር ሲገጥም ብዙ ሰው ወዲያው መላጊያ ያነሳል፤ መጀመሪያ ግን የማጠፊያው ብሎኖች ይታዩ። ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎኑ በባዶ የሚዞር ከሆነ የክብሪት እንጨት በኮላ ነክሮ ቀዳዳው ውስጥ ሞልቶ፣ ሲደርቅ ትርፉን ቆርጦ፣ ብሎኑን እንደገና ማጥበቅ ይበቃል። በእርጥበት ወቅት ብቻ የሚነክስ በር ደግሞ እንጨቱ አብጦ ነውና ተላግቶ ሲደርቅ ክፍተት ያመጣል፤ ትንሽ መታገሥ ይሻላል።

የጠቆረ ሲልኮን በላዩ ላይ አይደገምም። አሮጌው ሙሉ በሙሉ ተፍቆ ይውጣ፣ ቦታው በአልኮል ተወልውሎ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በሁለቱም በኩል የወረቀት ፕላስተር ተለጥፎ አዲሱ ይሞላ፤ በእርጥብ ጣት አንድ ጊዜ ተስቦ፣ ሲልኮኑ ሳይደርቅ ፕላስተሩ ይነሳ። ለ24 ሰዓት ውሃ አይንካው፤ ስለዚህ ይህ ሥራ የሚሠራው ቤተሰቡ ሁሉ ታጥቦ ካበቃ በኋላ ነው። ሻጋታውን በበረኪና የሚያጸዱ ከሆነ መስኮት ይከፈት፤ በረኪና ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

እንጨት በተልባ ዘይት የሚወለወል ከሆነ ደግሞ የተጠቀሙበትን ጨርቅ ጨብጠው ቅርጫት ውስጥ አይጣሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ያንን ሙቀት አምቆ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ላይ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ማቆሚያው ሰዓት

ከመጀመራችሁ በፊት የምታቆሙበትን ሰዓት ወስኑ። እኛ የምናቆመው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓቱ ሲቃረብ የያዝነውን ምዕራፍ እንጨርሳለን፣ አዲስ ግን አንጀምርም። «ይህችን ብቻ» የሚባለው ነገር የሚመጣው ሰው ሲርበውና ሲደክመው ነው፤ ጣት የሚቆረጠውም፣ የማይገባ ቃል የሚወጣውም ያኔ ነው። ከማቆሚያው ሰዓት በፊት ያለው የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት የጽዳት ነው፤ ብሩሹ ታጥቦ፣ ድሪሉ ወደ ሳጥኑ ተመልሶ፣ ወለሉ ተጠርጎ ካልሆነ ሥራው አልቋል አይባልም። ከሰዓት በኋላው የቤተሰቡ ነው፤ ስለ ጥገና አይወራበትም።

የኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት፣ ጋዝ ያለበት ማንኛውም ነገር፣ ሸክም የሚይዝ ግድግዳ መንካትና ከፍ ያለ ጣሪያ ላይ መውጣት በደብተሩ ሊጻፉ ይችላሉ፤ በሳምንቱ ተራ ግን አይገቡም። ለእነርሱ የሳምንቱ ሥራ ባለሙያ መጥራት ነው፤ ሲመጣም መሪው የሚጠየቀውን አስቀድሞ ጽፎ ይጠብቀው።

የተሠራው መስመር ከደብተሩ ሲሰረዝ ቀኑ፣ የቀለሙ ስምና የቅልቅሉ ቁጥር፣ የጎሚኒው ልክ፣ የተጠቀሙበት ፊሸርና ከግድግዳው ጀርባ የታየው ነገር ካለ አብሮ ይጻፍ። የእኛ ደብተር ሦስተኛ ገጽ ላይ «የኩሽና ቧንቧ፣ ጎሚኒ ግማሽ ኢንች፣ ቀዝቃዛው በስተቀኝ ነው» የሚል አለ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቃላት በባለቤቴ እጅ የተጻፉ ናቸው፣ ከጎናቸውም በክሬዮን የተሳለ ጃንጥላ አለ።